ጉዱ ካሳን በየትኛው መስክ እንመዝግበው?

በባሕር ዳር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን የሚመሩ መምህርት የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኮሃ በተባለው ሶፍትዌር ካታሎግ መሥራት ጀምረናል። ተማሪዎች ግን የመጽሐፉን ርእስ ትተው የባለታሪኩን ስም ይዘው ይመጣሉ፤ ‹የጉዱ ካሳ መጽሐፍ አለ?› ይላሉ። የልብ ወለድ ሰው ስም እንደ እውነተኛ ሰው ስም ይመዘገባል? ከተመዘገበስ እነ አለቃ ገብረ ሐናን፣ በዘጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን በላዔ ሰብእን ምን እንበላቸው? ሽፋኑ ላይ የገጸ ባሕርይ ስም በደራሲነት የተጻፈበት መጽሐፍ ሲገጥመንስ?»

መምህርት፣ የገጸ ባሕርይ ስም ይመዘገባል፤ በደራሲ ቦታ ግን አይገባም። ካታሎግ ስለ አንድ ስም የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ መጽሐፉን የሠራው ማን ነው? መጽሐፉ ስለ ማን ነው? በማርክ 21፣ ማለትም የመጽሐፍን መረጃ በቁጥር በተሰየሙ መስኮች በሚያስቀምጠው የካታሎግ አሠራር፣ የመጀመሪያው መልስ በመስክ 100 ወይም 700፣ ሁለተኛው በመስክ 600 ይገባል። ሀዲስ ዓለማየሁ 100 ላይ ናቸው፤ ጉዱ ካሳ 600 ላይ ነው። ተማሪው በስሙ ሲፈልግ መጽሐፉን ያገኛል፣ ጉዱ ካሳ መጽሐፍ ጻፈ የሚል የተሳሳተ መረጃም አይደርሰውም። ተማሪዎችዎ የባለታሪኩን ስም ይዘው መምጣታቸው እንደ ጉድለት እንዳይታይ እፈልጋለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ሰው ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶ ነው። በጆሮ የገባ ታሪክ የሚታወሰው በሰዎቹ ስም ነውና ካታሎጉ እዚያ ድረስ ሄዶ አንባቢውን መቀበል አለበት።

ስሙ የሚጻፍበትን ቅርጽ ስንወስን በመጀመሪያ የውጭ መዝገቦችን እንዳለ መቅዳት ይቅር። የእንግሊዝኛ መዝገብ የቤተሰብን ስም አስቀድሞ «ሆልምስ፣ ሼርሎክ» ይላል። የእኛ ሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ስለዚህ በዛብህ ቦጋለ «በዛብህ ቦጋለ» ተብሎ እንደሚጠራው ይጻፋል፤ መገልበጥ የለም። በመስክ 600 የመጀመሪያው ጠቋሚ (ከመስኩ ቁጥር ቀጥሎ የሚጻፈው አኃዝ) 0 ይሁን፤ ስሙ የሚጀምረው በራሱ በሰውየው ስም ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ጠቋሚ 4 ይሁን፤ ስሙ ከውጭ የርእሰ ጉዳይ ዝርዝር እንዳልተወሰደ ይናገራል። ከውጭ በሚገለበጡ መዝገቦች ላይ የገጸ ባሕርይ ስም አንዳንዴ በ600፣ አንዳንዴ በተራ የርእሰ ጉዳይ ቃላት መስክ፣ በ650፣ ተቀምጦ ያገኙታል። የአሠራር ለውጥ የተወው ዱካ ስለሆነ አይደናገሩ። እርስዎ ግን አንዱን ይምረጡ፤ የእኔ ምርጫ 600 ነው፣ የስም ፍለጋን አንድ ቦታ ይሰበስባልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ከስሞቹ የትኛው ይጽደቅ የሚለው ነው። ሰዉ የሚያውቀው ስም ይጽደቅ። የጉዱ ካሳ ትክክለኛ ስም ካሳ ዳምጤ ነው፤ ነገር ግን አንባቢ ሁሉ የሚጠራው አገሬው ባወጣለት ስም ነው። የጸደቀው ስም «ጉዱ ካሳ» ይሆናል፤ «ካሳ ዳምጤ» ደግሞ በስሞች መቆጣጠሪያ መዝገብ፣ ማለትም በኦቶሪቲ ፋይል፣ መስክ 400 ላይ ገብቶ ወደ ጸደቀው ይመራል። ማዕረግ ያለውን ሰው ከስሙ እንጀምረዋለን፤ «መሸሻ» በንዑስ መስክ ኤ፣ «ፊታውራሪ» በንዑስ መስክ ሲ ይገባሉ። ተማሪው «ፊታውራሪ መሸሻ» ብሎ ስለሚፈልግም ይህ ቅርጽ 400 ላይ ይጨመርለት።

አሁን ከስሙ ጎን በቅንፍ ወደሚገባው መለያ እንምጣ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሠራር ከስሙ ቀጥሎ ገጸ ባሕርይ መሆኑን በቅንፍ ያስታውቃል፤ ሁለት ገጸ ባሕርያት አንድ ስም ሲይዙ ደግሞ የፈጣሪያቸውን ደራሲ ስም ይጨምራል። እኛ ግጭት እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። የአማርኛ ልብ ወለድ ሰዎች ስማቸው የጎረቤቶቻችን ስም ነው። የ«ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ይባላል፤ በዚህ ስም የሚጠሩ በሕይወት ያሉ ሰዎች ስንት ይሆናሉ? ነገ ከእነርሱ አንዱ መጽሐፍ ቢያሳትም ካታሎጉ የበዓሉ ግርማ ገጸ ባሕርይ መጽሐፍ ጻፈ ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መዝገብ ጀምሮ «ጸጋዬ ኃይለ ማርያም (ገጸ ባሕርይ፤ በዓሉ ግርማ)» ብለው ይጻፉ። በቅንፉ የመጽሐፉን ርእስ ትቼ የደራሲውን ስም የመረጥኩት አንድ ገጸ ባሕርይ ከአንድ መጽሐፍ አልፎ ወደ ሌላ ክፍል፣ ወደ መድረክ ወይም ወደ ፊልም ሊሻገር ስለሚችል ነው። ርእሱ ቢቀየርም ፈጣሪው አይቀየርም።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ከእናንተው ሐይቅ ዳር የተነሣ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ልብ ወለድ በአማርኛ የመጀመሪያው ነው። «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ወጥቶ በኋላ በዋና ገጸ ባሕርይዋ በጦቢያ ስም ታወቀ። አሁን በካታሎግ ውስጥ «ጦቢያ» የሚለውን ቃል ብቻውን ይፈልጉ። ልብ ወለዱ ይመጣል፤ የዋሂድ መንትያ እኅት ጦቢያ ትመጣለች፤ በመጽሐፈ ጦቢት ያለው የጦቢት ልጅ ጦቢያ ይመጣል፤ አገሪቱን በዚሁ ስም የሚጠሩ ግጥሞችና ጽሑፎችም ይከተላሉ። «ጦቢያ (ገጸ ባሕርይ፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ)» ሲባል ግን ዝርዝሩ ወዲያው ይለያል። ሁለቱ ርእሶችም፣ የመጀመሪያውና የኋለኛው፣ በአንድ ሥራ ስር መገናኘት አለባቸው፤ አለበለዚያ አንባቢ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ይመስሉታል።

አብዛኛው ድካም ያለው ግን በፊደሉ ነው፤ የውጭ መመሪያ ስለዚህ አንድም መስመር አይነግርዎትም። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ስድስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ጸጋዬ ኃይለ ማርያምን ተማሪው «ፀጋዬ ሀይለማርያም» ብሎ በ«ፀ»፣ በ«ሀ»፣ በአንድ ቃል ገጥሞ ቢጽፈው ካታሎጉ «የለም» ይለዋል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ልጁ ግን አመስግኖ ይወጣል። ይህ ነገር በእውነት ያሳዝነኛል፤ በቀላሉ ሊቀር የሚችል ነውና። «ሰብለ ወንጌል» እና «ሰብለወንጌል»፣ «ካሳ» እና «ካሣ» የሚሉትም ያው ችግር ናቸው። የደራሲው የሀዲስ ዓለማየሁ ስም ራሱ «ሐዲስ»፣ «አለማየሁ» እየተባለ ይጻፋል።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በሰው እጅ የሚሠራ ነው፦ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን አጻጻፍ አጽድቀው ሌሎቹን ቅርጾች 400 ላይ ያስገባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ኮሃ በ400 ያሉትን ቅርጾች በመጽሐፍ ፍለጋ ውስጥ የሚያካትተው ሲታዘዝ ብቻ ነው፤ ሲጫን ምርጫው ዝግ ሆኖ ይመጣል። ከሥርዓት ምርጫዎች ውስጥ ተከፍቶ የፍለጋ ማውጫው እንደገና መገንባት አለበት። ይህ ካልተደረገ በ400 ላይ የደከሙበት ሁሉ ተማሪው ጋ አይደርስም። ሁለተኛው ደረጃ የኮምፒውተር ባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ዜብራ የተባለው የኮሃ መፈለጊያ አይሲዩ በተባለው መንገድ ሲዋቀር አንዱን ፊደል ወደ ሌላው የሚመልስ የልወጣ ሕግ መጻፍ ይቻላል፦ ሐን፣ ኀን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ፀን ወደ ጸ፤ ዐን ወደ አ፤ ከነእርባታቸው። ሕጉ የሚነካው ፍለጋውን ብቻ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚታየው አጻጻፍ እንደታተመ ይቆያል። የፊደላችንን ሥርዓት ሳያፈርስ አንባቢውን የሚያግዝ ስለሆነ በጣም የምወደው መንገድ ይህ ነው። የተገጠመና የተነጠለ ስምን ግን የልወጣ ሕጉ አይፈታውም፤ ለእርሱ 400 ያስፈልጋል።

የትኛው ገጸ ባሕርይ መዝገብ ይገባዋል? የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የልብ ወለድ መመሪያ ቢያንስ በ3 ሥራዎች ጎልቶ የሚታይ ገጸ ባሕርይ ይበቃል ይላል። በተከታታይ የሚወጡ የወንጀል ምርመራ መጻሕፍት ለሞሉበት አገር ተገቢ ልክ ነው። ለእኛ ግን ጠባብ ነው፤ በዛብህ የሚኖረው በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ነው፣ ሆኖም በትምህርት ቤት የሚጠየቅበት፣ የሚጠናበት፣ የሚከራከሩበት ሰው ነው። ስለዚህ ሌላ ልክ ላቅርብ፦ አንባቢ በስሙ የሚጠይቀው ከሆነ ወይም ስለ እርሱ የተጻፈ ጥናት፣ የተሠራ ተውኔት ወይም ትረካ በቤታችሁ ካለ ይመዝገብ። የተላላኪውንና የበረኛውን ስም ሁሉ መልቀም ግን ካታሎጉን ያጨናንቃል፤ ከአንድ ልብ ወለድ ሁለት ወይም ሦስት ስም ይበቃል።

እዚህ ላይ የሥራውን ዓይነት የሚናገረው ንዑስ መስክ ቪ ይጠቅማል። ልብ ወለዱን ሲመዘግቡ «ጉዱ ካሳ (ገጸ ባሕርይ፤ ሀዲስ ዓለማየሁ) — ልብ ወለድ» ይበሉ፤ ስለ ጉዱ ካሳ የተጻፈ የሥነ ጽሑፍ ጥናት ከሆነ ግን ያለ ጭማሪው ስሙን ብቻ ያስቀምጡ። የሚያነብና የሚያጠና ተማሪ በየፈርጁ ይለያያሉ። ታሪኩ የሚፈጸምበት እውነተኛ ቦታም በ651 ይግባ፦ «ዲማ ጊዮርጊስ — ልብ ወለድ»። ለጎጃም አንባቢ የገዛ አገሩን በልብ ወለድ ውስጥ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

አለቃ ገብረ ሐና ገጸ ባሕርይ አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩ የፎገራ ሰው፣ ሊቅ ናቸው፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ከእርሳቸው የተገኘ ነው። ስማቸው ላይ የተለጠፈው ቀልድ ብዛት ግን አንዳንድ ካታሎግ ሠሪዎችን ለሁለት እንዲከፍሏቸው ይፈትናል፦ አንዱ «እውነተኛው» ሊቅ፣ ሌላው «የቀልዱ» አለቃ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰውየው አንድ ናቸው፣ ስማቸውም አንድ ይሁን፦ «ገብረ ሐና፣ አለቃ»። ስለ አቋቋም የተጻፈው ጥናትም፣ የቀልዱ ስብስብም በዚሁ ስም ስር በ600 ይሰባሰቡ፤ ለኋለኛው «— ቀልድ» የሚል ክፍፍል ይጨመር። የቀልድ ስብስቡን በደራሲነት ለእርሳቸው መስጠት ግን ስሕተት ነው፤ 700 ላይ የሚገባው ሰብስቦ ያሳተመው ሰው ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ ልብ ወለድም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ንጉሡ በልብ ወለድ ውስጥ ስለገቡ «ገጸ ባሕርይ» የሚል መለያ አይለጠፍባቸውም፤ ከእውነተኛ ስማቸው ቀጥሎ «— ልብ ወለድ» ይበቃል። የፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» በ400 ይገባል።

የበላዔ ሰብእ ጥያቄ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ያየ፣ በተአምረ ማርያም ታሪኩን ሲነበብ የሰማ ምእመን ካታሎጉን ከፍቶ «ገጸ ባሕርይ» የሚል ቢያነብ ይቆስላል፤ መቁሰሉም ትክክል ነው። እኛ የእምነት ዳኞች አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አርዲኤ የተባለው የካታሎግ ደንብ በቅዱስ መጽሐፍ ወይም በአዋልድ መጽሐፍ የተጠቀሰን ሰው ከልብ ወለድና ከአፈ ታሪክ ሰው ለይቶ የራሱ መለያ ሰጥቶት ነበር፤ ይህ ልየታ ለእኛ በጣም ተስማሚ ነው። መለያው ስለ መኖር አለመኖር ሳይፈርድ ስሙ የተገኘበትን ምንጭ ይናገር፦ «በላዔ ሰብእ (ተአምረ ማርያም)»። «ስምዖን» በሚለው ስሙ ለሚፈልገው ሰው 400 ላይ መሪ ይቀመጥ። ቅዱሳንና መላእክትም በራሳቸው ስምና ማዕረግ ይግቡ። የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍትን የሚመለከቱ ጥናቶች ቤታችሁ ሲገቡ እነዚህ ስሞች በብዛት ይመጡባችኋልና ውሳኔውን አሁኑኑ በጽሑፍ ያስፍሩት።

ሽፋን ላይ በደራሲነት የተጻፈ ገጸ ባሕርይን በተመለከተ ዓለም ራሱ ሐሳቡን እየለዋወጠ መጥቷል። እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የአንግሎ አሜሪካ ደንብ ሥራው በፈጠራ ስም ቢወጣም በእውነተኛው ጸሐፊ፣ እርሱ ካልታወቀ በርእሱ ይመዝገብ ይል ነበር። አርዲኤ ሲመጣ በሩ ተከፈተ፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደንቡን መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ ጄሮኒሞ ስቲልተን የተባለው የሕፃናት መጻሕፍት አይጥ እንደ ማንኛውም ደራሲ በደራሲ መስክ መቀመጥ ቻለ፤ ፈጣሪዋ ጣሊያናዊቷ ኤሊዛቤታ ዳሚ ሆና ሳለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ያወጣው ሞዴል ደግሞ በሩን መልሶ ዘጋው፦ ሰው ማለት የኖረ ወይም እንደኖረ የሚታመን ሰው ነው፤ ከርሚት እንቁራሪቷ፣ መርማሪዋ ሚስ ማርፕል፣ ጠንቋዩ መርሊን ሰው አይደሉም አለ። አዲሱ አርዲኤም ይህንኑ ተከተለ፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ከጀርባው ያለው እውነተኛ ጸሐፊ የሚጠቀምበት ስም ተደርጎ ይቆጠራል።

እኔ ከሞዴሉ ጋር ነኝ። መጽሐፍ የሚጽፈው እጅ ያለው ሰው ነው፤ ምስጋናውም ተጠያቂነቱም የእርሱ ነው። ለእርስዎ ቤት ግን ነገሩን ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው፦ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም በርእስ መስኩ፣ በ245፣ ንዑስ መስክ ሲ እንደታተመ ይቅዱ፤ ማንም ሲያነበው መጽሐፉን ይለየዋል። ጸሐፊው ከታወቀ 100 ላይ እርሱ ይግባ፣ የገጸ ባሕርዩ ስም በጸሐፊው የቁጥጥር መዝገብ 400 ላይ እንደ ብዕር ስም ይያያዝ። ካልታወቀ 100ን ባዶ ይተዉትና በርእሱ ይመዝግቡ። መጽሐፉ ስለ ገጸ ባሕርዩም የሚተርክ ከሆነ ስሙ 600 ላይ በተጨማሪ ይቀመጣል።

የተረት መጻሕፍትን በፍጥነት ልለፍ። ጅብ፣ ጦጣና ቀበሮ የግል ስም ስለሌላቸው 650 ላይ «ጅብ — ተረት» ይባላሉ። ስንዝሮ ግን የራሱ ስም ያለው ነው፤ ደራሲ ስለሌለው «ስንዝሮ (የተረት ገጸ ባሕርይ)» ይበቃዋል።

ሥራውን ሲጀምሩ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ለማዳረስ አይነሡ። የመጽሐፍ ውሰት ጠረጴዛው ላይ ደብተር ያስቀምጡና ተማሪዎች የጠየቁትን የባለታሪክ ስም በራሳቸው አነጋገርና አጻጻፍ ይመዝግቡ፤ የመጀመሪያዎቹ የቁጥጥር መዝገቦች ከዚያ ይወለዱ፣ 400 ላይ የሚገቡት ቅርጾችም ከዚያው ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ስም መስክ 670 ላይ ስሙን ያገኙበትን እትምና ገጽ ይጻፉ፦ የትኛው መጽሐፍ፣ በስንት ዓ.ም. የታተመ፣ ስሙ እንዴት ሆኖ የታተመበት። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ «ካሣ»ን ወደ «ካሳ» ለመለወጥ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን መስመር ነው።